ከኪንግስ ኦፍ ኮንቪኒየንስ ወዲያ ማን አለ? የፍለጋ ማስታወሻ

መስከረም 12፦ መነሻው

የምንነሣው ከኪንግስ ኦፍ ኮንቪኒየንስ ነው። ኤርለንድ ኦዬ እና አይሪክ ግላምቤክ ቦዬ ይባላሉ፤ ሁለቱም በ1975 የተወለዱ የኖርዌይዋ የበርገን ከተማ ልጆች ናቸው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ሁለት ጊታር፣ ሁለት ድምፅ፣ ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ የሚል አዘፋፈን። ዋና የሚባሉት አልበሞቻቸው አራት ናቸው፦ «ኳየት ኢዝ ዘ ኒው ላውድ» በ2001፣ «ራዮት ኦን አን ኤምፕቲ ስትሪት» በ2004፣ «ዴክላሬሽን ኦፍ ዲፔንደንስ» በ2009፣ ከዚያ 12 ዓመት ቆይቶ «ፒስ ኦር ላቭ» በ2021። ይህ ሁሉ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ተደምጦ ያልቃል፤ ሌላ እንዲህ ያለ ፍለጋ የሚጀመረውም ያኔ ነው።

ወሰን ተበጅቷል፦ ዝርዝሩ ከ12 ስም አይበልጥም። የሁለት መቶ አርቲስት ዝርዝር መሥራት ቀላል ነው፤ የሚያዳምጠው ግን የለም።

መስከረም 14፦ ድምፁን መበተን

«ይመስላል» ሲባል በምኑ? «ጸጥ ያለ»፣ «የሚያስተክዝ» የሚሉ ቃላት ለፍለጋ አይጠቅሙም። በእነዚህ ስሞች የተሰበሰቡ ፕሌይሊስቶች ውስጥ ለማጥኛ የተሠራ ፒያኖም የዝናብ ድምፅም ተቀላቅሎ ይገኛል። ስለዚህ በጆሮ ሊረጋገጥ የሚችለውን ብቻ ይዘን ስድስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ በኤክሴል ሠራን። ለእያንዳንዱ ዓምድ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣል።

የመጀመሪያው እጅ ነው፦ ጊታሩ ሙሉ በሙሉ በጣት የሚለቀም ከሆነ 2፣ የተቀላቀለ ከሆነ 1፣ በፒክ (ክር በሚመታበት ቁራጭ) የሚገረፍ ከሆነ 0። ሁለተኛው ክር ነው፦ ናይለን ካለበት 2፣ ብረት ብቻ ከሆነ 1፣ ኤሌክትሪክ ጊታር ከሆነ 0። ከጥንዶቹ ቦዬ ናይለን፣ ኦዬ ብረት ስለሚጫወቱ የሁለቱ ቅልቅል የድምፃቸው ግማሽ ነው ማለት ይቻላል። ሦስተኛው የድምፅ ብዛት፦ ሁለት ሰው በሀርመኒ ከዘፈነ 2፣ አንድ ሰው የራሱን ድምፅ ደርቦ ከቀዳ 1፣ ነጠላ ከሆነ 0። አራተኛው የማይክሮፎን ቅርበት፦ የትንፋሽና የከንፈር ድምፅ፣ ጣት ክሩ ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማው ፉጨት ይሰማል ወይ? አምስተኛው ድራም፦ ከሌለ 2፣ ለስለስ ያለ ምት ካለ 1፣ ሙሉ ድራም ካለ 0። ስድስተኛው ግጥም፦ ፊት ለፊት ለተቀመጠ አንድ ሰው የሚነገር ይመስላል ወይስ ለአደባባይ?

ድምሩ ከ12 ይታሰባል፤ 8 ማለፊያ ነው። አንድ ጥብቅ ደንብ ደግሞ አለ፦ በቅርበት 0 ያገኘ፣ ድምሩ ምንም ቢሆን ይወድቃል። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ዘፋኙ ከሩቅ የሚጮኽ ከሆነ ይህን ሙዚቃ የሚወድ ሰው አይቀበለውም።

መስከረም 16፦ የማዳመጫ ዝግጅት

ይህ ክፍል አሰልቺ ቢመስልም ካልተስተካከለ ነጥቡ ሁሉ ይዛባል። ዳታ ለመቆጠብ ጥራቱን ዝቅ ያደረገ ሰው አራተኛውን ዓምድ መሙላት አይችልም፤ ድምፅ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ስስ ትንፋሽና የክር ፉጨት ነውና። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በሰከንድ 160 ኪሎቢት በደቂቃ 1.2 ሜጋባይት፣ በሰዓት 72 ሜጋባይት ይበላል። 320 ኪሎቢት እጥፉን፣ 144 ሜጋባይት ይወስዳል። 96 ኪሎቢት በሰዓት 43 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ለማጣሪያ ዙር 96 ይበቃል፤ ነጥብ ለመስጠት ከ160 በታች መውረድ አይመከርም። ዋይፋይ ባለበት አውርዶ ከኔትዎርክ ውጭ ማዳመጥ ከሁሉም ይሻላል። በዩቲዩብ የሚያዳምጥ ደግሞ ምስሉ ዳታውን እንዳይጨርስበት ጥራቱን በእጁ ያውርድ።

ሁለተኛው ጣጣ የድምፅ መጠን ነው። ሁለት ቅጂ ሲነጻጸር ትንሽ ጮክ ያለው ሁልጊዜ «የተሻለ» ይመስላል። በመተግበሪያው ውስጥ የድምፅ መጠን የሚያመጣጥነውን ማብሪያ መክፈት፣ ኢኮላይዘሩንና የባስ መጨመሪያውን መዝጋት ያስፈልጋል። ስልኩ ላይ «ሞኖ» የሚለው አማራጭ በርቶ ከሆነ ይጥፋ፤ ካልጠፋ ሁለቱ ጊታሮች አንድ ላይ ይጨፈለቃሉ። ጊታሮቹ ግራና ቀኝ ተከፍለው እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ጆሮ ማዳመጫ ማውጣት ነው፤ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

መስከረም 19፦ መነሻ ዘፈኖች

ማሽኑን (ተመሳሳይ ዘፈን የሚጠቁመውን መተግበሪያ፣ ስፖቲፋይም ይሁን ዩቲዩብ ሚዩዚክ) በቡድኑ ስም ሳይሆን በተመረጡ ዘፈኖች ማስነሣት ይሻላል። ከ2001 «ዊኒንግ ኤ ባትል፣ ሉዚንግ ዘ ዋር» እና «ቶክሲክ ገርል»፣ ከ2004 «ሆምሲክ» እና «ኬይማን አይላንድስ»፣ ከ2009 «ሚስስ ኮልድ» ተመረጡ። ሆን ተብሎ የተተወው «አይድ ራዘር ዳንስ ዊዝ ዩ» ነው። በጣም ከሚታወቁት ዘፈኖቻቸው አንዱ ነው፤ ግን ስሙ እንደሚለው ለጭፈራ የቀረበ ስለሆነ ማሽኑን ወደ ደስታ ፖፕ ይወስደዋል።

አንድ ወጥመድ፦ «ራዮት ኦን አን ኤምፕቲ ስትሪት» የሚባለው ዘፈን በዚያ ስም በሚጠራው የ2004 አልበም ውስጥ የለም፤ የሚገኘው በ2009ኙ ነው። አልበም በስሙ ፈልጎ ያን ዘፈን ያወረደ ሰው የ2004ቱን ድምፅ ያገኘ ይመስለዋል።

መስከረም 23፦ ማሽኑ ያመጣው

ከዘፈኖቹ የተነሣው «ሬዲዮ» ግማሹ የሚጠቅም፣ ግማሹ ግርግር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማሽኑ በዋናነት የሚቆጥረው ይህን የሰሙ ሰዎች ሌላ ምን እንደሰሙ ነው። ስለዚህ የሚነግረን ስለ አድማጩ ልማድ እንጂ ስለ ጊታሩ አይደለም። ብዙ ሰው የሚያውቀው አርቲስት ከሁሉም ጋር አብሮ ስለሚደመጥ ሁሉንም «ይመስላል»፤ ጥቂት ሰው የሚያውቀው ደግሞ ቢመስልም አይመጣም።

ሌላ ብክለትም አለ። በ2001 ከመጀመሪያው አልበም ዘፈኖች የተሠራ «ቨርሰስ» የተባለ የሪሚክስ አልበም ወጥቷል፤ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪዎቹ ፎር ቴትና ሮይክሶፕ ተሳትፈውበታል። ኦዬ በዚያው ዓመት በሮይክሶፕ አልበም ላይ «ፑር ሊኖ» እና «ሪማይንድ ሚ»ን ዘፍኗል። ቆየት ብሎም በርሊን ላይ ዘ ዋይተስት ቦይ አላይቭ የተባለ ባንድ ነበረው፤ «ድሪምስ» በ2006፣ «ሩልስ» በ2009። ድምፁ የሱ ነው፣ ምቱ ግን የዳንስ ቤት ነው። ስለዚህ ማሽኑ በኦዬ በኩል ወደ ኤሌክትሮኒክ ይንሸራተታል። መፍትሔው ሪሚክስ የሚል ስም ያለበትን ሁሉ ወዲያው «አልወደድኩትም» ብሎ ማስወጣት ነው፤ ዝም ብሎ መዝለል ብቻ ምልክቱ ደካማ ነው።

የተሳሳተ ስምም ያጋጥማል። ማግኔት የተባለው የበርገን ዘፋኝ (በ2003 «ኦን ዩር ሳይድ»ን ያወጣው) እዚህ ፍለጋ ውስጥ መግባቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በ1973 ለ«ዘ ዊከር ማን» ፊልም ሙዚቃውን የተጫወተው ቡድንም ማግኔት ይባላል። እንደ ላስት ኤፍኤም ባሉ የሙዚቃ ድረ ገጾች በአንድ ስም የሚጠሩ አርቲስቶች በአንድ ገጽ ስለሚታጨቁ ከዚያ የሚወጣው «ተመሳሳይ» ዝርዝር የሁለቱ ድብልቅ ነው። ሚዩዚክብሬይንዝ የተባለው የሙዚቃ መረጃ ድረ ገጽ ግን ለእያንዳንዱ የተለየ ገጽና አጭር መለያ ማብራሪያ ይሰጣል፤ ስም ሁልጊዜ እዚያ ተጣርቶ ነው ወደ ሠንጠረዡ የሚገባው።

መስከረም 28፦ ከሽፋኑ ጀርባ

ከዚህ በኋላ ፍለጋው ከማሽን ወደ ሰው ዞረ። ዲስኮግስ (የአልበሞች መረጃ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ) ላይ የአልበሙ ገጽ ይከፈታል፣ ወደ ታች ተወርዶ የተሳታፊዎች ስም ይታያል፣ እያንዳንዱ ስም ሲነካ ያ ሰው የሠራባቸው ሌሎች ቅጂዎች ይዘረዘራሉ። ይህ መንገድ ሁልጊዜ እኩል አይሠራም፤ ማንን እንደምንከተል ማወቅ ያስፈልጋል።

ፕሮዲውሰሩን መከተል እዚህ አላዋጣም። የ2001ዱን የሠራው ኬን ኔልሰን ነው፤ የኮልድፕሌይን «ፓራሹትስ» እና የጎሜዝን «ብሪንግ ኢት ኦን» የሠራውም እሱ ነው። ጥሩ አልበሞች ናቸው፣ ግን የባንድ ሙዚቃ ናቸው። የኪንግስ ድምፅ የተሠራው እስቱዲዮ ሳይገባ በፊት፣ በሁለቱ ሰዎች ጣት ላይ ስለሆነ ፕሮዲውሰሩ ይዞት አይዞርም።

ሌብሉን (የአልበሙን አሳታሚ) መከተል ግማሽ መንገድ ወሰደ። አሳታሚያቸው ሶርስ በዚያው 2001 የለንደኖቹን ጥንድ ተሪን ብሬክስ «ዚ ኦፕቲሚስት ኤልፒ»ን አውጥቷል። ሁለት ሰው፣ ሁለት ጊታር፤ በወረቀት ላይ መንትያ ይመስላሉ። ሲደመጡ ግን ዘፋኙ ኦሊ ናይትስ ድምፁን ወደ ላይ ይለቀዋል፣ ማይክሮፎኑም ራቅ ይላል። ቅርበት 0፤ በደንቡ ወደቁ። ይህ ውሳኔ ያከራክራል፤ ጊታሩን ብቻ የሚፈልግ ሰው ሊያስገባቸው ይችላል።

እንግዳ ድምፅን መከተልም አለ። በ2004ቱ አልበም «ኖው ሃው» እና «ዘ ቢልድ አፕ» ላይ የምትዘፍነው ካናዳዊቷ ፋይስት ናት፤ በ2021ዱም ተመልሳለች። የራሷ «ዘ ሪማይንደር» (2007) ግን ባንድና ጭብጨባ አለበት። ከአልበሙ ዘፈን መርጦ መውሰድ ይቻላል፣ ሙሉውን ማስገባት አይቻልም።

ጥቅምት 3፦ የብራዚሉ እጅ

የሠንጠረዡ የመጀመሪያና አራተኛ ዓምድ ተጣምረው የሚያመለክቱት ቦታ በርገን አይደለም፣ ሪዮ ነው። ድምፅን ሳያነሡ መዝፈን፣ በአውራ ጣት ባሱን በእርጋታ መያዝ፣ በሦስቱ ጣቶች ኮርዱን ከምቱ ትንሽ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መልቀም፤ ይህ የዦአዎ ዢልቤርቶ ሥራ ነው። «ሼጋ ዲ ሳውዳዲ» አልበሙ የወጣው በ1959 ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሻለው ግን በ1973 በራሱ ስም የወጣው ነው። ድምፅ፣ አንድ የናይለን ጊታር፣ ከበስተጀርባ የሶኒ ካር ለስላሳ ምት፤ ሌላ ነገር ከሞላ ጎደል የለም። የቀዳችው የድምፅ ባለሙያ በሲንተሳይዘር ሙዚቃ የምትታወቀው ዌንዲ ካርሎስ ናት፤ ከእሷ የማይጠበቅ እርቃኑን የቀረ ቅጂ ነው። የመጀመሪያውን ዘፈን «አጉዋስ ዲ ማርሶ»ን በጆሮ ማዳመጫ ከፍቶ የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ አውራ ጣቱን ብቻ መከታተል፣ ከዚያ መልሶ ከፍቶ ድምፁን ብቻ መከታተል ጥሩ ልምምድ ነው። ጣቱ አይቸኩልም፤ ድምፁ ግን ከጊታሩ ይቀድማል፣ ወደ ኋላ ይቀራል፣ መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ። ይህን አንዴ የለየ ጆሮ ኪንግስን እንደ በፊቱ አይሰማም። ነጥብ፦ እጅ 2፣ ክር 2፣ ድምፅ 0፣ ቅርበት 2፣ ድራም 1፣ ግጥም 1፤ ድምር 8። ለጥቂት አለፈ፤ እኛ ግን ከዝርዝሩ አናት ነው ያስቀመጥነው። ሠንጠረዥ ያጣራል እንጂ አያስተምርም።

ከዚያው መሥመር ሮድሪጎ አማራንቴ ገባ። የ«ናርኮስ» ተከታታይ ፊልም መክፈቻ ዘፈን «ቱዮ» የሱ ነው፤ ያን የሰማ ብዙ ነው። «ካቫሉ» (2013) አልበሙ ላይ ያሉት ጸጥ ያሉ ዘፈኖች ከፊሎቹ ያልፋሉ፣ ባንድ ያለባቸው ይወድቃሉ።

የዚህ መንገድ ዋናው ግኝት ሆሴ ጎንዛሌዝ ነው። ከአርጀንቲና ከተሰደዱ ወላጆች በስዊድን ጎተንበርግ የተወለደ፣ ናይለን ጊታር የሚለቅም፣ የላቲን አሜሪካን እጅ ከሰሜኑ ብርድ ጋር ያገናኘ። «ቬኒር» (2003) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊደመጥ የሚችል ነው። በብዙ ሰው ጆሮ የገባው «ሃርትቢትስ» የራሱ ሳይሆን ዘ ናይፍ የተባሉት ስዊድናውያን የኤሌክትሮኒክ ዘፈን ነው፤ ሁለቱን አከታትሎ መስማት የጣት ለቀማ አንድን ዘፈን ምን ያህል እንደሚቀይር ያሳያል። ድምር 10።

ጥቅምት 9፦ የእንግሊዙ ቅኝት

እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኒክ ድሬክ በማንኛውም ዝርዝር ላይ አለ፤ ጥያቄው ከሦስቱ አልበሞቹ የትኛው የሚለው ነው። «ፋይቭ ሊቭስ ሌፍት» (1969) በቫዮሊኖች የተሸፈነ ነው። «ብራይተር ሌይተር» (1971) ድራም አለው። «ፒንክ ሙን» (1972) 28 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ድምፅና ጊታር፣ በመጠሪያው ዘፈን ላይ ጥቂት ፒያኖ። ለዚህ ሥራ ይህኛው ነው፤ ድምር 9።

ጊታር ያለው ሰው ልዩነቱን በእጁ ይሞክረው። የመጠሪያው ዘፈን ቅኝት ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ሲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ሲ፣ ኢ ነው፤ ካፖው (ክሮቹን በአንድ ላይ የሚጫነው መያዣ) ሁለተኛው ፍሬት (የአንገቱ ክፍልፋይ) ላይ ይሆናል። ስድስተኛው ክር ከኢ አራት ግማሽ ድምፅ ይወርዳል። አምስተኛው፣ አራተኛውና ሦስተኛው እያንዳንዳቸው ሁለት ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ሁለተኛው አንድ ግማሽ ድምፅ ይወጣል፤ አንደኛው አይነካም። መጀመሪያ የሚወርዱትን ማውረድ፣ ሁለተኛውን በመጨረሻ ማውጣት ይሻላል፤ አለበለዚያ ክሩ ሊበጠስ ይችላል። አራት ክር ሲላላ የጊታሩ አንገት ስለሚንቀሳቀስ አንዴ ተቃኝቶ አያበቃም፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁሉንም እንደገና ማየት ነው። ቀጭን ክር የገጠመ ሰው ስድስተኛው ፍሬቶቹን እየመታ ይንጫረርበታል፤ ከ0.012 ኢንች ይልቅ በ0.013 የሚጀምር የክር ስብስብ ይሻላል። በዚህ ቅኝት ጣት ሳያርፍ በባዶ ክር ብቻ የሚደወለው ኮርድ፣ በተለመደው ቅኝት በእጅ ተይዞ የሚገኝ አይደለም። ድሬክን «መምሰል» ለብዙዎች ያቃታቸውም ለዚህ ነው።

«ሪቨር ማን» ደግሞ የተለመደው ቅኝት ላይ ነው፤ ልዩነቱ ምቱ አምስት በአራት መሆኑ ነው። በእግር «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት» እያሉ ሲቆጥሩት ዘፋኙ የማይቸኩልበት ምክንያት ይገባል።

እዚህ ላይ የሽፋን ጀርባ ዘዴው ሠራ። የድሬክ ፕሮዲውሰር ጆ ቦይድ በ1970 የወጣውን የቫሽቲ ባንያን «ጀስት አናዘር ዳይመንድ ዴይ»ንም ሠርቷል፤ የድሬክ የቫዮሊን ቅንብር የሠራው ሮበርት ኪርቢም እዚያ አለ። ያ አልበም ሳይሸጥ ተረሳ፣ በ2000 እንደገና ታተመ፣ ሁለተኛዋ አልበም «ሉክአፍተሪንግ» በ2005 ወጣ። 8 አግኝታ ገብታለች። ከድሬክ ጋር የተጫወተውን የደብል ቤዝ ተጫዋች ዳኒ ቶምፕሰንን ተከትሎ ደግሞ የጆን ማርቲን «ሶሊድ ኤር» (1973) ይገኛል፤ መጠሪያው ዘፈን ስለ ድሬክ የተዘፈነ ነው። ድራምና የኤሌክትሪክ ድምፅ ስላለበት አላለፈም፤ ያም ሆኖ መሰማት አለበት።

ጥቅምት 15፦ ሁለት ድምፅ

ኪንግስን ከአሜሪካውያኑ ጥንድ ከሳይመንና ጋርፈንክል ጋር ማወዳደር የተለመደ ነው፤ ወደ ኋላ ከመሄድ ወደ ጎን መሄድ ይሻላል። ፖል ሳይመን በ1965 ለንደን ላይ የአሜሪካዊውን ጃክሰን ሲ ፍራንክን ብቸኛ አልበም ፕሮዲውስ አድርጓል፤ ኒክ ድሬክ ወላጆቹ ቤት በቀዳቸው ቴፖች ላይ የፍራንክን ዘፈኖች ይጫወታል። ሁለቱ የተለያዩ የሚመስሉ ምንጮች በዚህ ሰው ይገናኛሉ። ማሽኑ ይህን አያመጣም።

ለሦስተኛው ዓምድ ግልጹ መልስ የካሊፎርኒያዎቹ ዘ ሚልክ ካርተን ኪድስ ናቸው፤ «ፕሮሎግ» (2011) እና «ዚ አሽ ኤንድ ክሌይ» (2013)። መድረክ ላይ ሁለቱም በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ ይቆማሉ፤ ድምፁን የሚያመጣጥኑት በመቅረብና በመራቅ ነው። ክሩ ብረት ብቻ፣ እጁም ግማሹ ፒክ ስለሆነ ሁለት ነጥብ አጡ፤ 10።

ሁለት ሰው ነው ወይስ የተደረበ አንድ ሰው? የቃል መጨረሻ ላይ ያለውን «ስ» እና «ት» ማዳመጥ ነው። የአንድ ሰው ድርብ ቅጂ ከሆነ ያው ድምፅ በጥቂቱ ተነጣጥሎ ሁለቴ ይሰማል፤ ሁለት ሰው ከሆነ ከነጭራሹ የተለያየ አፍ ነው። የኤሊየት ስሚዝ «ኢዘር/ኦር» (1997) ለድርቡ ጥሩ መማሪያ ነው። የአይረን ኤንድ ዋይን «ዘ ክሪክ ድራንክ ዘ ክሬድል» (2002)፣ በዚህ ስም የሚዘፍነው ሳሙኤል ቢም ቤቱ የቀዳው፣ በራሱ ድምፅ ላይ ራሱ ሀርመኒ ይጨምርበታል፤ 10 አግኝቶ ገብቷል። በዚያ ቅጂ ላይ የሚሰማው የቴፕ እስትንፋስ ጉድለት አይደለም፤ አንዳንድ አድማጭ ፋይሉ የተበላሸ መስሎት ይዘለዋል።

ጥቅምት 22፦ ጎረቤቶች

የከተማ ልጅነት ብቻውን ነጥብ አያሰጥም። ሶንድሬ ለርኬ የበርገን ልጅ ነው፣ ኮርዶቹም ከብራዚልና ከጃዝ የተቀዱ ናቸው፤ ግን «ፌስስ ዳውን» (2001) ሙሉ ባንድ ነው፤ ድምር 6። ቦዬ ራሱ በኮሞዴ ስም በ2017 ያወጣው «አናሎግ ዳንስ ሚዩዚክ» የሱ ድምፅ ቢኖርበትም ስሙ እንደሚናገረው የሚያስጨፍር ነው። ቶማስ ዲብዳል «...ዛት ግሬት ኦክቶበር ሳውንድ» (2002) ላይ ቅርበቱ ሙሉ 2 ነው፤ ድራሙ ግን በየዘፈኑ ስለሚለያይ አልበሙን ሳይሆን ዘፈን በዘፈን መመዘን ያስፈልጋል። እስካሁን አልተጨረሰም።

ጥቅምት 26፦ በመድረክ ማጣራት

8ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሁሉ ከመጽደቁ በፊት አንድ የቀጥታ ቪዲዮ ይታያል፤ ያለ አድማጭ ጩኸት የተቀዳ፣ የቀኝ እጅ በግልጽ የሚታይበት። እስቱዲዮ ውስጥ የሚሰማው ሁለተኛ ጊታር የራሱ የዘፋኙ ድርብ ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ መድረክ ላይ ይጋለጣል። ጎንዛሌዝ በዚህ ፈተና ምንም አልጎደለበትም፤ አንድ ጊታርና እግሩ ይበቁታል።

ቀጣዩ ሥራ ዲብዳልን መጨረስ፣ ለአማራንቴ ከአልበሙ የሚያልፉትን ዘፈኖች ለይቶ መጻፍ፣ ከዚያ በጃክሰን ሲ ፍራንክ በኩል በ1960ዎቹ ለንደን ይጫወቱ የነበሩትን መቃኘት ነው። ጊታር ተጫዋቹ በርት ጃንሽ የመጀመሪያው ሆኖ ተይዟል።